ልጆቻችንን ወደ ጨለማ እናውጣ

ጄኔቫ፣ አንድ የመስከረም ምሽት ነው። በሰፈራችን ያለው የመንገድ መብራት ሁሉ ባንዴ ድርግም አለ። በረንዳ ላይ ቆሜ ነበርና ለብዙ ዓመታት ያልተጠቀምኩበት ቃል ከአፌ አመለጠኝ፦ «መብራት ሄደ!» ባለቤቴም ከማድ ቤት ሆና፣ ሳታስበው፣ «ሻማ እንኳ የለንም እኮ!» አለች። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ የነበረው ልጃችን ሳቀችብን። «ባባ፣ አልሄደም። ሆን ብለው ነው ያጠፉት። ትምህርት ቤት ነግረውናል።» ዞር ብለን ስናይ እውነትም የቤቱ መብራት በርቷል፤ ፍሪጁም እንደ ወትሮው ያጉረመርማል። የጠፋው የመንገዱ ብቻ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። በጄኔቫና በዙሪያዋ፣ ድንበር ተሻግሮ ያሉትን የፈረንሳይ መንደሮች ጨምሮ፣ «ላ ኑዊ ኤ ቤል» (ሌሊቱ ውብ ነው እንደ ማለት) የሚባል ዝግጅት አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 2019 ነው። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 15 ቀን 2012 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ደመራ ሊለኮስ አንድ ቀን ሲቀረው። ያን ሌሊት ከ150 በላይ የሚሆኑ የአካባቢው ማዘጋጃ ቤቶች የመንገድ መብራታቸውን አጠፉ። ከዚያ በኋላም ተደጋግሟል። ምክንያታቸው ግልጽ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ መብራት ጉልበት ያባክናል፣ ወፎችንና ነፍሳትን ያደናግራል፣ የሰውን እንቅልፍ ያውካል፣ ሰማዩንም ይሸፍናል። እኛ «ደግሞ ሄደ!» እያልን የምናማርርበትን ጨለማ፣ እነሱ ቀጠሮ ይዘው እንደ በዓል ያከብሩታል።

የመብራት መጥፋትን እያሞገስኩ እንዳይመስላችሁ። ሊጡ ምጣድ ላይ ሳለ መብራት የሄደበት ሰው፣ ወይም በሻማ አጥንቶ ማትሪክ የተፈተነ ሰው፣ ጨለማ ውብ ነው ሲሉት ቢቆጣ አይፈረድበትም። መብራቱን ወድዶ ማጥፋትና በግድ ማጣት አንድ አይደሉም። ያን ምሽት ግን ልጄ አጠገቤ መጥታ፣ በስተምሥራቅ ከሕንፃዎቹ በላይ ወደምታበራ አንዲት ትልቅ ኮከብ ጠቁማ፣ «ይቺ በአማርኛ ማን ትባላለች?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ሆዬ፣ ሁለት ዲግሪ ይዤ፣ በአማርኛም በፈረንሳይኛም አላወቅኳትም። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ቀና ብዬ ሰማይ ያየሁት የነገውን ዝናብ ለማወቅ ብቻ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ይህን የምጽፈው ለመሰሎቼ ነው፤ ለትምህርት መጥታችሁ ሥራ ይዛችሁ ለቀራችሁ፣ ልጅ ለምታሳድጉ፣ ገና ተማሪ ለሆናችሁም። ሐሳቤ አጭር ነው። በዓመት ውስጥ ለጥቂት ምሽቶች ቤተሰባችንን ይዘን ወደ ጨለማ እንውጣ። ኮከብ ማየት ራሱ ደስ ይላል፤ እሱ አንድ ነገር ነው። ከዚያ በላይ ግን፣ በስደት ኑሮ ከቤታችን የጠፋ አንድ ነገር እዚያ ጨለማ ውስጥ ይገኛል ብዬ አምናለሁ።

ሐሳቡን ለጓደኞቼ ሳነሣ ሁለት ዓይነት መልስ አገኘሁ። አንደኛው ሳቅ ነው፦ «ኮከብ ቆጣሪ ሆንክ እንዴ?» አይፈረድም። በእኛ ዘንድ ኮከብ ሲነሣ ቶሎ የሚታሰበው ዕጣ ፈንታ ነው። ባልና ሚስት ካልተስማሙ «ኮከባቸው አልገጠመም» እንላለን። እኔ የማወራው ስለ ሥነ ፈለክ፣ ያውም ስለ ቀላሉ፣ አንገትን ቀና አድርጎ ስለ ማየት ነው። ሁለተኛው መልስ ከበድ ይላል፦ «አገር እንዲህ ሆኖ አንተ ስለ ኮከብ ታወራለህ?» ወደዚህኛው እመለሳለሁ።

መጀመሪያ የት እንደሚኬድ ልንገራችሁ። ከጄኔቫ ባቡር ይዛችሁ ኒዮን ትወርዳላችሁ፤ ከዚያ በትንሿ የተራራ ባቡር ወደ ሴንት ሰርግ ትወጣላችሁ። ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ የሆነች የጁራ መንደር ናት። በመኸርና በብርድ ወራት ሐይቁን ከብቦ የሚተኛው ጉም፣ ጄኔቫን ለቀናት ፀሐይ የሚነሣት ማለቴ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከበታች ይቀራል። ከላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ይጠብቃችኋል። ደግሞ የምንጠላው ብርድ ለዚህ ጉዳይ ወዳጃችን ነው። በሰኔ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ሰማዩ በቅጡ ስለማይጨልም ልጆች ሳያዩ ይተኛሉ። በታኅሣሥ ግን ምሽት 12 ሰዓት ሲሆን ኮከቡ ሞልቷል፤ አይታችሁ ተመልሳችሁ እራት ትደርሳላችሁ። ጨረቃ ያልወጣችበትን ምሽት ምረጡ፤ ጠፍ ጨረቃ ራሷ ኮከቡን ታደበዝዘዋለች። ወፍራም ካፖርት፣ ፔርሙዝ ሻይና ዳቦ ያዙ። በቃ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከብርሃን የወጣ ዓይን ጨለማውን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። በመካከል አንድ ጊዜ ስልክ ከተከፈተ የተለመደው ሁሉ ይጠፋና እንደገና መጀመር ነው። ስለዚህ ስልክ መዝጋት ግዴታ ሆነ፤ የአባት ቁጣ ሳያስፈልገው፣ የዓይን ተፈጥሮ ራሱ አዘዘው። እነዚያ ሠላሳ ደቂቃዎች ምንም የማይሠራባቸው ናቸው። ቁጭ ብሎ መጠበቅ ብቻ። እስቲ አስቡት፤ ቤተሰባችን ምንም ሳይሠራ፣ ፊት ለፊት ስክሪን ሳይኖር፣ አብሮ የተቀመጠው መቼ ነው? እኛ ያደግነው ተረት በሚወራበት ምሽት ነው። እዚህ ምሽት ማለት የቤት ሥራ፣ የነገ ምሳ፣ የባለቤቴ የሌሊት ተረኝነት ነው።

የመጀመሪያ ምሽታችን ላይ፣ ከመንደሩ ወጣ ብሎ ባለ የግጦሽ መስክ ላይ ተቀምጠን፣ ልጄ በዚያ ጨለማ ውስጥ «ባባ፣ እምዬን ለምን ትተሃት መጣህ?» አለችኝ። እምዬ የምትላት እናቴን ነው፤ ደብረ ታቦር ናት። ቤት ውስጥ ቢሆን «ለመማር ነዋ» ብዬ ጨርሼው ነበር። እዚያ ግን ጊዜ ነበረን፤ ፊቴንም አታየውም። ሁለት ዓመት ብዬ እንደ መጣሁ፣ ከዚያ ሥራ እንዳገኘሁ፣ ከዚያ እሷ እንደ ተወለደች፣ በየዓመቱም «የሚቀጥለው ዓመት» እያልኩ እንደ ቆየሁ ነገርኳት። ዝም አለች፤ ቆይታም «ትመለሳለህ?» አለች። «አላውቅም» አልኳት። ስለዚህ ጉዳይ ለልጄ የሰጠሁት የመጀመሪያ እውነተኛ መልስ እሱ ይመስለኛል።

ከዚያ ዓይናችን ለመደ፤ ሰማዩ ተከፈተ። ፍኖተ ሐሊብን ከልጅነቴ ወዲህ ያን ጊዜ አየሁት።

የሚታየውስ ምንድን ነው ትሉኝ ይሆናል። ለሐበሻ ልጅ የሚሆን ታሪክ እዚያ ላይ ተጽፎ አለ። ግሪኮች በሰሜን ሰማይ ላይ አንድ ቤተሰብ አስቀምጠዋል፤ ንጉሥ ሴፊየስ፣ ንግሥት ካሲዮፒያ፣ ልጃቸው አንድሮሜዳ። በተረቱ ውስጥ አገራቸው ኢትዮጵያ ነው። ግሪኮች በዚያ ስም የሚጠሩት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ስለነበር ከዛሬው ካርታ ጋር አንድ አድርገን መኩራራት አይገባንም፤ ለልጄም ይህን ነግሬያታለሁ። ግን በጄኔቫ ኬክሮስ ላይ ካሲዮፒያ የማትጠልቅ መሆኗን ስነግራት ደስ አላት። አምስቱ ኮከቦቿ የተሰበረ መስመር ሠርተው የሰሜን ኮከብን ዓመቱን ሙሉ ይዞሩታል። «ንግሥቲቱ እዚህ ቀርታለች ማለት ነው» አለች። እኔም ምን እላለሁ፣ ሳቅሁ።

ከአንድሮሜዳ አጠገብ ትልቅ አራት ማዕዘን ታያላችሁ፤ ፔጋሰስ ነው። ከአራት ማዕዘኑ ወጣ ብሎ በጨለማ ሰማይ በጭንቅ የምትታይ «51 ፔጋሲ» የምትባል ኮከብ አለች። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሚሼል ማየርና ዲዲየ ኬሎ እ.ኤ.አ. በ1995 በዚህች ኮከብ ዙሪያ የሚዞር ፕላኔት አገኙ። ፀሐይን በምትመስል ኮከብ ዙሪያ የተገኘ የመጀመሪያው ፕላኔት ነው፤ በ2019 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ከጄምስ ፒብልስ ጋር ተካፈሉበት። ፕላኔቱን በዓይን አላዩትም። ፕላኔቱ ሲዞር ኮከቧን በስሱ ይጎትታታል፤ እሷም ወደ እኛ ቀረብ ከእኛም ራቅ ትላለች። እነሱ የለኩት ያን መወዛወዝ በብርሃኗ ላይ ነው።

በዚሁ ዘዴ ከተገኙት ፕላኔቶች አንዱ የእኛ ስም አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር እያንዳንዱ አገር ለአንድ ኮከብና ለፕላኔቱ ስም እንዲያወጣ ዕድል ሰጠ። ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮከብ «ቡና» ተባለች፤ ፕላኔቷ «አቦል»። ስዊዘርላንዶች ለደረሳቸው የተራሮቻቸውን ስም፣ ሞንኽ እና አይገር፣ ሰጡ። እነሱ ተራራቸውን፣ እኛ ጀበናችንን ወደ ሰማይ ላክን ማለት ነው። ስሞቹ ይፋ በሆኑበት በዚያው ሳምንት፣ ዲሴምበር 20፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና መጠቀች። እንጦጦ ላይም ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት መመልከቻ አለን።

ቡና በዓይን ብቻ አትታይም፤ በመነጽር ግን ትታያለች። አልማክ የምትባለውን የአንድሮሜዳ ኮከብና አልጎል የምትባለውን የፐርሲየስ ኮከብ በሐሳብ መስመር አገናኙ፤ መሐሉ አካባቢ ፈልጉ። ርቀቷ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ይጠጋል። ዛሬ ዓይናችን ላይ የሚያርፈው ብርሃን ሲነሣ ኢትዮጵያ በዘመነ መሳፍንት ውስጥ ነበረች፤ የእናቴ ከተማ ደብረ ታቦርም የየጁ ራሶች መቀመጫ ነበረች። ይህን በመጽሐፍ ብነግራት ልጄ ታዛጋለች። በመነጽር እያየች ስነግራት ግን «ያኔ የእምዬ ቤት ነበር?» ብላ ጠየቀች።

ዙሪክ እህቴ ትኖራለች። በባቡር ሦስት ሰዓት አይሞላም። ድሮ ስንሄድ ትልልቆቹ ቡና ላይ፣ ልጆቹ ስልክ ላይ ነበርን። አሁን ኡትሊበርግ ተራራ ላይ ያለውን የፕላኔቶች መንገድ እንሄዳለን። እዚያ ፀሐይና ፕላኔቶቹ በአንድ ቢሊዮን እጥፍ አንሰው ተቀምጠዋል፤ አንድ ሜትር ማለት አንድ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። መሬት ከፀሐይ 150 ሜትር ትርቃለች፤ ስፋቷ አንድ ሳንቲ ሜትር ከምናምን ነው። ብርሃን ያን ርቀት ለመሄድ ከስምንት ደቂቃ በላይ ስለሚፈጅበት፣ የሚሮጡ ልጆች በዚህ ሚዛን ከብርሃን ይቀድማሉ፤ ይህን ሲሰሙ ማን ያስቆማቸዋል! እስከ ፕሉቶ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀጥሎ ያለችው ቅርብ ኮከብስ? በዚሁ ሚዛን 40,000 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ መሬትን አንድ ጊዜ ዞሮ እንደ መምጣት ነው።

ማታ ደግሞ መሐል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1907 የተከፈተው ኡራኒያ መመልከቻ አለ። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው አሮጌ የዛይስ ቴሌስኮፕ ሰው ሁሉ ተራ ይዞ ያያል። የእህቴ ልጅ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ በአማርኛ ካወራሁት በጀርመንኛ ነው የሚመልስልኝ። ሳተርንን ከነቀለበቱ ሲያይ ዓይኑን አንሥቶ፣ «አጎቴ፣ ስቲከር ለጥፈውበት ነው?» አለኝ፤ በአማርኛ። ደንግጦ ይሁን ተደስቶ እንጃ፣ ቋንቋውን ሳይመርጥ ወጣበት። እህቴ ዞር ብላ አየችኝ። ምንም አላልንም፤ ብንናገር የሚያቆም መሰለን።

አሁን ወደዚያ ከባድ ጥያቄ ልመለስ። አገር እንዲህ ሆኖ ስለ ኮከብ ማውራት ይገባል ወይ?

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ልጄ በየሳምንቱ የአያቷን ፊት በቪዲዮ ማየት ለምዳ ነበር። ያ ቀረ። ሲሳካልን በተራው ስልክ ድምፅ ብቻ እንሰማለን፤ ሳይሳካ ሲቀር ደግሞ እንጨነቃለን። በጥቅምት አንድ ምሽት መስመሩ ገባ። እናቴ ደጅ ተቀምጣለች። ልጄ በረንዳ ወጥታ «እምዬ፣ ጨረቃዋ ትታይሻለች?» አለቻት።

«ትታየኛለች የኔ ሆድ።»

«እኔ ጋ ቆማለች፤ ጎኗን ሰጥታ።»

«እኔ ጋማ ጋደም ብላለች። እንደ በሬ ቀንድ ወደ ላይ ናት።»

ልጄ ወደ እኔ ዞራ «ለምን?» አለች። መሬት ክብ ስለሆነች፣ እምዬ ወደ ወገቧ ቀርባ እኛ ወደ ሰሜን ርቀን ስለ ቆምን፣ አንዷን ጨረቃ አጋድለን እናያታለን። የመሬትን ክብነት በአንድ የስልክ ጥሪ ለካነው። ከዚያ በኋላ መስመር በተገኘ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠየቀው ጨረቃዋ ናት። ፊት ለፊት መተያየት ባንችል አንድ ነገር አብረን እናያለን። ስለዚህ ለወዳጄ መልሴ ይህ ነው፦ ስለ ኮከብ የማወራው አገሬን ረስቼ አይደለም። ልጄ ኢትዮጵያን በመጥፎ ዜናና ወላጆቿ ስልክ ላይ በሚያወርዱት ድምፅ ብቻ እንድታውቃት ስለማልፈልግ ነው።

ባለፈው ገና አገር ቤት ገባን። የስዊዝ የትምህርት ቤት ረጅም ዕረፍት በእኛ ክረምት ላይ ስለሚውል፣ በሐምሌና ነሐሴ የሄደ ሰው ከዝናብ ደመና በቀር የሚያየው የለም። በታኅሣሥና በጥር ግን ሰማዩ የተወለወለ ነው። እናቴ መጥታ ቢሾፍቱ ተገናኘን። ማታ ጋቢ ለብሰን ወጣን። ልጄ እጇን ዘርግታ፣ ጨብጣ፣ የሰሜን ኮከብን ከፍታ ለካች። የተጨበጠ እጅ ዐሥር ዲግሪ ያህል ነው። ጄኔቫ ላይ አራት እጅ ተኩል የነበረው ቢሾፍቱ ላይ አንድ እጅ እንኳ አልሞላም። በደቡብ በኩል ደግሞ ከስዊዘርላንድ ጨርሶ የማትታየው ካኖፐስ ወጥታለች፤ ከሲሪየስ ቀጥላ በሰማይ ሁለተኛዋ ደማቅ ኮከብ። «ይቺ የእናንተ ብቻ ናት» አለቻት ለአያቷ።

ያቺ በጄኔቫ በረንዳ ያላወቅኳት ትልቅ ኮከብም እዚያው ነበረች። በኋላ እንደ ተረዳሁት ኮከብ ሳትሆን ፕላኔቱ ጁፒተር ነው፤ በቀድሞ መጻሕፍታችን «መሽተሪ» ይባላል። ልጄ ኩራት ብሏት «እምዬ፣ ይሄ መሽተሪ ነው» አለች። እናቴ አማተበች። «እሱንስ ደብተራ ሲጠራው ሰምቻለሁ፤ ተዪው ልጄ!» ሁላችንም ሳቅን። ቆይታ ግን እሷም የራሷን አወጣች። በልጅነቷ ለሩቅ ገበያ የሚነሡት አጥቢያ ኮከብ ሲወጣ እንደ ነበር፣ ሰዓት ሳይኖራቸው አንድም ቀን እንዳላረፈዱ ነገረቻት። ይህን ታሪክ እኔ፣ የወለደችኝ ልጇ፣ ሰምቼው አላውቅም ነበር። የጠየቅኳት ስላልነበረ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ወጪ አታብዙ። ለልጅ ተብሎ የሚሸጠው ርካሽ ቴሌስኮፕ ብዙ ጊዜ ተስፋ ያስቆርጣል፤ ደህና የእጅ መነጽር ይበልጣል። ማኅበሮቻችንም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከመስቀል በዓል በኋላ ባለው ጨረቃ በሌለበት ቅዳሜ፣ አዳራሽ መከራየቱን ትተው ቤተሰቦችን ወደ ተራራ ቢያወጡ ምን ይላቸዋል? ጀበናው ይምጣ፤ አቦል ከታች ይቀዳል፣ አቦል ከላይ ይፈለጋል። ተማሪዎች የምታውቁትን ለልጆቹ ንገሩ። አባቶችና እናቶች፣ ልጆቹ የማታውቁትን ሲጠይቋችሁ «አላውቅም» ለማለት አትፈሩ። ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉም ዛሬ ማታ ደውሉና ጨረቃዋ እንዴት እንደ ተኛች ጠይቋቸው።

ቸር እንሰንብት።